የላዳዋን ዓይን ማብራት፦ ለፊት መብራት ሪሌ እንዴት ይገባል

አባቴ ላዳዋን ሲያስረክበኝ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው። «ፍሬኗን እመን፤ መብራቷን ግን እንዳታምን።»

ሞዴሏ 2101 ነው፤ ክብ ክብ ሁለት ዓይን ያላት። ለዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ሠርታለች። ከተማ ውስጥ መብራቷ ብዙም አያስጨንቅም። የመንገዱ መብራት አለ፣ የሱቁ አለ፣ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስም ሳይወድ ያበራልሃል። ጉዷ የሚወጣው ደብረ ብርሃን አያቴ ጋ ስሄድ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰንዳፋን አልፌ ከመሸብኝ ከፊቴ ያለው ሁለት ሻማ ነበር። አንድ ምሽት ሸኖ ልደርስ ስል አንዲት አህያ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያየኋት ጀርባዋ ላይ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ስለተጫነ ብቻ ነው። ጭነቷ ከሰል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፦ ትልቅ አምፖል አስገባ። አንዱ መቶ ዋት አለኝ። ሌላው ኤልኢዲ አለኝ። ሦስተኛው ላዳዋን ሽጣት አለኝ። ማንም ግን ቴስተር አውጥቶ መብራቱ ጋ የሚደርሰውን ቮልት አልለካም። እኔም የለካሁት ዘግይቼ ነው። ስለካው ነው የገባኝ፤ አምፖሉ አልደከመም፣ ርቦት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ትንሽ ነዳጅ የሚሰጥላችሁ ሰው መሪው ጋ ይቀመጥ፣ የፊት መብራቱን አብሩ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉና መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለኩ። እኔ ጋ 13.6 መጣ። ከዚያ የመብራቱ ሶኬት ጀርባ ላይ ለኩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሶኬቱን ከአምፖሉ ነቅለው ከለኩት ሙሉ ቮልት ያሳያችኋል፤ ምክንያቱም የሚሄድ ከረንት የለም። አምፖሉ እንደተሰካ፣ እየበራ፣ የቴስተሩን ሹል ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦው በሚገባበት በኩል አስገቡ። እኔ ጋ 11.3 መጣ።

ሁለት ነጥብ ሦስት ቮልት የት ሄደ? ይህን ለማወቅ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን መብራቱ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ዜሮ ገደማ መሆን ነበረበት፤ እኔ ጋ 0.5 ሆነ። እንግዲህ ግማሽ ቮልት በኔጋቲቩ መንገድ፣ የቀረው 1.8 በፖዘቲቩ መንገድ ጠፍቷል ማለት ነው።

ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ አይደለም። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ይልቅ ገደል ይገባል። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 13.6 ማግኘት የነበረበት አምፖል 11.3 ሲያገኝ የሚሰጣችሁ የብርሃኑን ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ነው መብራቱ ቢጫ፣ እንደ ኩራዝ የሚሆነው።

ምክንያቱ የሽቦው መንገድ ነው። ከረንቱ ከባትሪው ይነሳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው ማብሪያ ይገባል፣ ከዚያ ረጅምና አጭር ወደሚቀያይረው መሪው ሥር ወዳለው እጀታ፣ ከዚያ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ተመልሶ መብራቱ ጋ ይደርሳል። ቀጭን ሽቦ፣ በዚያ ላይ የአርባ ዓመት ዝገት። በየመገናኛው ትንሽ ትንሽ ግብር ይከፍላል። ፋብሪካውም ኋላ ላይ ገብቶታል መሰለኝ፤ ከ2105 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ላዳዎች ለፊት መብራት ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዞ ትልቁን ከረንት የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ይዘው ነው የወጡት። 2107 ያላችሁ እንግዲህ መጀመሪያ ያለውን ሪሌ ፈትሹ፤ ዝም ብላችሁ ሌላ አትጨምሩ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ የነፃ ሥራ አለ። የ2101 ፊውዞች ጥይት የሚመስሉ ናቸው፤ ሁለት የብረት ምላስ መሐል ተይዘው የሚቀመጡ። ባትሪውን ፍቱና እያንዳንዱን ፊውዝ አውጥታችሁ ጫፉንም ምላሱንም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ምላሱን በፒንሳ ትንሽ ወደ ውስጥ ጨመቅ አድርጉት። የመብራቱ ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር የተያያዘበትንም ቪቴ ፍቱና ቀለምና ዝገቱን እስኪያብረቀርቅ ፋቁት። እኔ በዚህ ብቻ ከ11.3 ወደ 11.8 ወጣሁ። እናንተ ጋ ጉድለቱ በጠቅላላው ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ ደግሞ ሪሌ አትግዙ። ችግራችሁ ሌላ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ይሆናል፤ እሱን ሪሌ አያድነውም።

አሁን ስለ ሪሌው። ሪሌ ማለት ዘበኛ ነው። እናንተ ቀስ ብላችሁ ታንኳኳላችሁ፣ እሱ ትልቁን በር ይከፍታል። ማንኳኳቱ በአሮጌው ቀጭን ሽቦ ይሆናል፤ የሚፈልገው ከረንት ከ0.2 አምፔር አይበልጥም። ትልቁ በር ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ወደ መብራቱ ይከፈታል። መሪው ሥር ያለው እጀታም ይገላገላል፤ የእኔዋ እጀታ ከመሞቋ የተነሳ ረጅም ሳበራ የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸት ነበር።

ሪሌው ሥር ቁጥሮች ተጽፈዋል። 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው። 87 ወደ መብራት የሚሄደው። 85 እና 86 የማንኳኪያው ሁለት ጫፍ ናቸው። አምስት እግር ያለው ከሆነ መሐል ላይ 87a የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሪሌው ሲያርፍ የሚገናኝ ነው። እዚያ ላይ ካሰራችሁ መብራቱ ስታጠፉት ይበራል፣ ስታበሩት ይጠፋል። አትሳቁ፣ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። በየቀኑ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

ለግዢ ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ ሁሉም አለ። ሁለት ሪሌ፣ 12 ቮልት፣ 30 ወይም 40 አምፔር፣ ከነሶኬታቸው። አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። 12 የሚለውን በዓይናችሁ አንብቡ፤ የጭነት መኪናው 24 ቮልት ሪሌ ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው፣ ሣጥን ውስጥም ተቀላቅሎ ይቀመጣል። 24ቱ የእናንተ መኪና ላይ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። አሮጌ ሪሌ መግዛት ነውር የለውም። ሻጩ ጋ ባትሪ ካለ 85ንና 86ን አስነኩት፤ «ቀጭ» ካለ ቢያንስ ነፍስ አለው። ሁለት የመብራት ሶኬት ባለ ሦስት እግር፣ አንድ 30 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ አራት ባለ 10 አምፔር ፊውዝ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን፣ ተርሚናሎች፣ ናስትሮ፣ ሽቦ የሚያለብስ የፕላስቲክ ቱቦ።

ሽቦው ላይ አትንሰፍሰፉ። ከባትሪ እስከ ሪሌ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው)፣ ከሪሌ እስከ መብራትና ለኔጋቲቩ 2.5 ካሬ። ከየት እስከ የት እንደሚሄድ በሲባጎ ለክታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ አንድ ሜትር ጨምሩ። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን አንድ ወፍራም ክር ያለውን ሽቦ አትግዙ። ርካሽ ነው፣ ግን መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ተርሚናሉ ሥር ይሰበራል፤ ከላይ ልባሱ ደህና ስለሚመስል ስትፈልጉት ትውላላችሁ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን፣ ሲያጥፉት የሚለሰልሰውን ግዙ። ክሩንም በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፤ መልሱለት።

ወደ ሥራው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ስትመልሱት መጨረሻ ላይ እሱን።

ሪሌዎቹን ባትሪው አጠገብ ፓራፋንጎው ላይ እሰሯቸው። እግራቸው ወደ ታች ይሁን፤ ዝናብ ቢገባ ይወርዳል እንጂ አይጠራቀምም። ከባትሪው ፖዘቲቭ 4 ካሬውን አውጡና ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ 30 አምፔሩን ፊውዝ አስገቡ። ፊውዙ ሪሌው ጋ ከሆነ መሐል ያለውን ሽቦ ማንም አይጠብቀውም። ከዚያ ሽቦው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ ሪሌ 30 ይገባል።

ከአጭሩ ሪሌ 87 ሁለት ሽቦ ይውጣ፣ በሁለት 10 አምፔር ፊውዝ አልፎ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። የረጅሙም እንዲሁ። አራት ክር፣ አራት ፊውዝ። «ለምን አራት? አንድ ትልቅ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ለሁሉም አንድ 20 አምፔር ፊውዝ አደረግሁ። ቻቻ ልገባ ስል፣ መታጠፊያ ላይ፣ ሁለቱም ዓይን ባንዴ ጠፋ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሳይሆን ከብርሃን ወደ ምንም። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ መለዋወጫ ፊውዝ ነበረኝ፣ አስገባሁ፤ ወዲያው ቀለጠ። በስልኬ መብራት ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሼ ስፈልግ የግራው መብራት ሽቦ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስለት ላይ ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ ቦዲውን ነክቶ አገኘሁት። አንዱ ሽቦ ሁለቱንም ዓይን አጠፋ። አራት ፊውዝ ቢኖር በአንድ ዓይን ደብረ ብርሃን እገባ ነበር። ቆርቆሮ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፣ ቱቦ ይልበስ፣ ከራዲያተሩና ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ።

ኔጋቲቩን አትናቁት። ግማሽ ቮልቴ የጠፋው እዚያ ነበር። ከእያንዳንዱ መብራት 2.5 ካሬ አውጥታችሁ ቦዲው ላይ በተፋቀ ብረት ላይ በቡሎን እሰሩ፤ ከተቻለ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ውሰዱት። ካሰራችሁ በኋላ ግሪስ ቀባ አድርጉበት።

አሁን ማንኳኪያው። አሮጌውን የመብራት ሶኬት አትቁረጡት። ከእንግዲህ አምፖል አይመግብም፣ መልእክተኛ ብቻ ነው። ከቀኙ ሶኬት፣ ጠፍጣፋ ወንድ ተርሚናል በየቀዳዳው እየሰካችሁ፣ የአጭሩን ወደ አጭሩ ሪሌ 86፣ የረጅሙን ወደ ረጅሙ ሪሌ 86፣ የኔጋቲቩን ወደ ሁለቱም 85 ውሰዱ። የግራውን ሶኬት በናስትሮ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ይህ ሁሉ ነገር ካልጣማችሁ አንድ ቀን ነቅላችሁ እንደ ድሮው መመለስ ትችላላችሁ። የእኔ ላዳ ላይ አረንጓዴው ረጅም፣ ግራጫው አጭር፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፤ እናንተ ግን በቀለም አትመኑ። በዚህ ዕድሜ ስንት ሰው እጁን አስገብቶባታል! እያበራችሁ በቴስተር ለዩ።

እዚህ ላይ የቶዮታ ዲኤክስ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ነው የተሠራው። ፖዘቲቩ ሁሌም መብራቱ ጋ ይመጣል፤ ማብሪያው የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ኔጋቲቩን ነው። 85ን ቦዲ ላይ ካሰራችሁ አይሠራላችሁም። መፍትሔው ከላይ ያልኩት ራሱ ነው፦ 85ም 86ም ከአሮጌው ሶኬት ይምጡ፣ ቦዲ አትንኩ። ያኔ ፖዘቲቩም ተቆረጠ ኔጋቲቩ ሪሌው ግድ የለውም። ውስጡ ዳዮድ ያለው ሪሌ ከሆነ ብቻ ነው ግድ የሚለው፤ ጎኑ ላይ ሥዕሉ አለ፣ እዩት። አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ፦ መልእክቱ የሚመጣው በአንድ አሮጌ ፊውዝ በኩል ስለሆነ እሱ ከተቃጠለ ሁለቱም ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌው ፊውዝ አዲስና ንጹሕ ይሁን፣ መለዋወጫም ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ተርሚናል ስትጨምቁ በትክክለኛው መጨመቂያ ጨምቁ፤ በፒንሳ ከሆነ ደግሞ ስታኞ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ሳባችሁ ሞክሩ። የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ፣ ጓሮ ውስጥ።

ስትጨርሱ ባትሪውን መልሱ፣ አብሩ፣ «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ ስሙ፣ እንደገና ለኩ። እኔ ጋ ባትሪው 13.6፣ ሶኬቱ 13.2። ከ11.3 ጋር ሲነጻጸር ብርሃኑ 70 በመቶ ያህል ጨመረ፤ አምፖሉ ያው የድሮው ባለ 45 እና 40 ዋት ነው። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው «ዜኖን ነው?» አሉኝ።

አሁን አምፖል ማሳደግ ትችላላችሁ፤ ግን በልኩ። 60 እና 55 ዋት የሆነው ኤች 4 ጥሩ ነው። የአምፖሉ አንገት ከድሮው ስለሚለይ ከነመስታወቱ መቀየር አለባችሁ፤ 7 ኢንች ክብ የሆነውን ጠይቁ። አንገቱን በሞረድ ፍቆ የሚያስገባላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ አምፖሉ ውስጥ የሚበራው ክር ከቦታው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ብርሃኑ ሰማይ ነው የሚያየው። መቶ ዋቱን ተዉት። ሁለቱ ረጅም ሲበሩ 15 አምፔር ይበላሉ፤ የ2101 ዲናሞ ሙሉ ጉልበቱ 42 አምፔር ነው፣ ያውም ሞተሩ ሲሮጥ እንጂ ትራፊክ ላይ ቆሞ ሲያንጎራጉር አይደለም። ኤልኢዲውንም ለአምፖል በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ አልወደውም። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ያሳውራል እንጂ አህያዋን አያሳያችሁም።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ በዚያው ምሽት ወጣሁ። ከአለልቱ ወዲያ ከፊቴ የመጣ አይሱዙ ብልጭ ብልጭ አደረገብኝ። በሕይወቴ ላዳዬን «ረጅምህን አጥፋ» ያላት የለም። ያውም በአጭር ነበር የምነዳው! ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ብርሃን ስትጨምሩ ማነጣጠሩን ማስተካከል ግዴታ ነው።

ጎማዎቹን በልኩ ንፉ፣ ሾፌር ቦታ ሰው ይቀመጥ፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁ። የመብራቱን መሐል ከመሬት ለክታችሁ ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በናስትሮ አስምሩ። አጭር መብራቱ ላይ ብርሃኑ የሚቆረጥበት መሥመር ከናስትሮው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን በጨርቅ ሸፍኑ። ብርሃኑ በአንድ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ጫፍ አለው፤ እኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳ ጫፉ በቀኝ መሆን አለበት። በግራ ከወጣ የገዛችሁት መስታወት በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ነው፤ ብታነጣጥሩትም የፊት ለፊቱን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ሳትገጥሙት በፊት ማየት ይሻላል፤ እኔ ከገጠምኩ በኋላ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሁለቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ ከነዳችሁ በኋላ ኮፈኑን ክፈቱና እያንዳንዱን መገናኛ በጣታችሁ ንኩ። ለብ ያለ ችግር የለውም። የሚያቃጥል ካለ እዚያ ጋ ያልተጨመቀ ተርሚናል አለ።

አባቴን ይዤው ማታ ወጣሁ። ከተማው ጨርሶ እስኪያልቅ ምንም አልተናገረም። ጨለማው ሲመጣ ረጅሙን አበራሁ። ዛፎቹ፣ የድልድዩ አጥር፣ ሩቅ ላይ ጋቢ ለብሶ የሚሄድ ሰው፣ ሁሉም ወጣ።

«ሃያ ዓመት በጨለማ ነው እንዴ የነዳሁት?» አለ።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ ጥሩምባዋም በዚሁ ዘዴ ትጮህ እንደሆነ ጠየቀኝ።